ከላሊበላ ጎንደር በአየር፦ 13 ደቂቃ፣ 43 ደቂቃ ወይስ ሙሉ ቀን?

#1 ሜሪላንድ_ነኝ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች፣ እንዴት ከረማችሁ?

ለመጪው ገና እናቴን ይዤ ላሊበላ ለመሄድ አስቤያለሁ። ጥምቀትን ደግሞ ጎንደር። እናቴ ሁለቱንም ሳላይ አልሞትም ብላለች፣ ስለዚህ ክርክር የለም። ገና ታኅሣሥ 29 ነው፣ ጥምቀት ጥር 11። መሀሉ 12 ቀን ስለሆነ ተረጋግተን ከላሊበላ ወደ ጎንደር እንሻገራለን ብዬ ነበር።

ችግሩ በረራው ላይ ነው። ኢንተርኔት ላይ ርቀት የሚያሰሉ ገጾችን አየሁ። ሁሉም በአየር ወደ 179 ኪሎ ሜትር ነው ይላሉ። ሰዓቱ ላይ ግን አይስማሙም። አንዱ 13 ደቂቃ ይላል፣ ሌላው 43 ደቂቃ። ትኬት ስፈልግ ደግሞ በአዲስ አበባ በኩል ዞሮ ከአምስት ሰዓት በላይ የሚፈጅ ጉዞ ያወጣልኛል። ማንን ልመን? እናቴ 70 አልፏታል፣ ጉልበቷም እንደ ድሮው አይደለም። የሄደበት ሰው ካለ ይምከረኝ።

#2 የሳሪስ_ልጅ

13 ደቂቃ? እኔ በ13 ደቂቃ ከሳሪስ ጎተራ አልደርስም 😂

#3 ክንፍ_እና_ቁጥር

እህቴ፣ ሁለቱም ገጾች አልዋሹሽም። የተለያየ ነገር ነው የነገሩሽ።

እነዚህ ገጾች የሁለቱን ኤርፖርቶች ኬንትሮስና ኬክሮስ ይወስዱና በመሬት ክብ ላይ ያለውን አጭሩን መስመር ያሰላሉ። 179 ኪሎ ሜትሩ የመጣው ከዚያ ነው፣ ትክክልም ነው። በአብራሪዎች መለኪያ ወደ 97 የባሕር ማይል ይሆናል። ከባሕር ዳር ላሊበላ ያለውን ብታሰዪ ደግሞ 185 ኪሎ ሜትር ገደማ ታገኛለሽ፣ ማለትም 100 የባሕር ማይል።

ሰዓቱ ላይ ግን ገጹ መገመት ይጀምራል። ብዙዎቹ አውሮፕላኑ ትልቅ ጄት ነው ብለው በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ይሰጡታል። 179ን ለ800 ስታካፍዪ 13 ደቂቃ ይወጣል። ትንሽ የሚያስበው ገጽ ለመነሻና ለማረፊያ ብሎ 30 ደቂቃ ይደምራል፣ 43 ይሆናል። ይኸው ነው ምስጢሩ። ያቺ 30 ደቂቃ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ቢሆንም ያው 30 ናት። ረጅም በረራ ላይ አትታወቅም፣ እንዲህ አጭር መስመር ላይ ግን ከጉዞው ትበልጣለች።

ቀጥታ በረራ ሲኖር የሚያዘው ጊዜ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ነው።

#4 ጡረተኛው

ክንፍ እና ቁጥር በደንብ አስቀምጦታል። እኔ በዚህ ሥራ ነው ያረጀሁት፣ ትንሽ ልጨምርበት።

በመጀመሪያ በዚህ መስመር የሚሄደው ብዙውን ጊዜ ቦምባርዲየር ኪው 400 ነው። ባለ ፕሮፔለር ነው፣ ግን ፈጣን ነው። በጥሩ ከፍታ ላይ እስከ 360 ኖት ይሄዳል፣ በሰዓት 360 የባሕር ማይል ወይም ወደ 667 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። እዚህ ግን ያን ፍጥነት አታገኙትም። ምክንያቱም ወደዚያ ከፍታ የሚያደርስ ርቀት የለም። ሳይወጣ መውረጃው ይደርሳል።

ሒሳቡን በጨዋ ቁጥር ላሳያችሁ። የላሊበላ ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 6,500 ጫማ ነው። የጎንደርም ወደ 6,450 ነው፣ እኩል በሉት። ወደ ምዕራብ የሚሄድ አውሮፕላን በደንቡ ጥንድ ሺህ ከፍታ ነው የሚይዘው፣ 16,000 ወይም 18,000። ወደ ምሥራቅ የሚመጣው ጎደሎ ሺህ ይይዛል። እንዳይጋጩ ነው። 16,000 ይዞ ነው እንበል። 9,500 ጫማ መውጣት አለበት፣ በደቂቃ 1,500 ቢወጣ ከ6 ደቂቃ በላይ። ለመውረድም እንዲሁ። በነዚህ 13 ደቂቃዎች ውስጥ በአማካይ 240 ኖት ቢሄድ 52 የባሕር ማይል ይጨርሳል። የሚቀረው 45 ነው፣ እሱን በ330 ኖት በ8 ደቂቃ ይበላዋል። ድምሩ 21። ከመንደርደሪያው ጋር ለመስተካከል አራት አምስት ደቂቃ ጨምሩ። በምድር ላይ ለመንቀሳቀስ ስምንት፣ አሥር ደቂቃ። 35 ላይ ደረስን።

ትኬት ላይ የሚጻፈው ይህ የመጨረሻው ነው። ከቆመበት ተነቅሎ፣ ደርሶ ሞተር እስኪያጠፋ። አየር ላይ የምትቆዩት 25 ደቂቃ ገደማ ነው።

ሌላው ተራራው ነው። ላሊበላ ላይ እንደፈለጉ ዝቅ ብሎ መግባት የለም። አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው፣ ከማረፊያውም በቀጥታ መስመር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢርቅ ነው። በማረፊያ ዙሪያ በ25 የባሕር ማይል ክልል ውስጥ ያለው ከፍተኛ ተራራ ለዚያ ክልል ዝቅተኛውን ከፍታ ይወስናል። ደመና ውስጥ ከሆንክ ከዚያ በታች አትወርድም፣ የተፈቀደልህን የመግቢያ መስመር ካልያዝክ በቀር። ከባሕር ዳር ስትመጡ ደግሞ ጉና አለ። ቀጥታው መስመር ከጉና በስተሰሜን በጥቂት ኪሎ ሜትር ነው የሚያልፈው። እሱም ከ4,100 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ 100 ማይል ብቻ ልትሄድ እዚያ ድረስ መውጣት ግድ ነው። ነዳጁም ጊዜውም የሚበላው እዚያ ላይ ነው።

#5 ሜሪላንድ_ነኝ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው የለም። ግን ያ ሁሉ ለቀጥታው በረራ ነው አይደል? እኔ የማገኘው በአዲስ አበባ በኩል ያለውን ነው።

#6 ክንፍ_እና_ቁጥር

አዎ፣ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው። የቀጥታ መስመሩ እንደ ወቅቱና እንደ መንገደኛው ብዛት ይከፈታል፣ ይዘጋል። ገጾቹ በሁለት ኤርፖርቶች መካከል ያለውን ርቀት ሲነግሩሽ በረራ አለ ማለታቸው አይደለም። በዓለም ላይ ያሉ ሁለት ኤርፖርቶችን ብትሰጫቸው ያሰሉልሻል።

በአዲስ አበባ ስትዞሪ ምን እንደሚሆን ተመልከቺ። ከላሊበላ አዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 332 ኪሎ ሜትር። ከአዲስ አበባ ጎንደር 419። ድምሩ 751 ኪሎ ሜትር። 179 ኪሎ ሜትር ለመሻገር ከአራት እጥፍ በላይ በረርሽ። እያንዳንዱ በረራ ወደ አንድ ሰዓት ነው። የቀረው ቦሌ ቁጭ ብለሽ የምትጠብቂው ነው።

#7 ቆላ_ደጋ

ድሮ እኮ እንዲህ አልነበረም። አንዱ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነስቶ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላ፣ አክሱም እያለ እያወረደ እየጫነ ይዞር ነበር። ቱሪስቱ ሁሉ ያን መስመር ነበር የሚይዘው። አሁን ሁሉም ነገር ቦሌ ነው። ለአየር መንገዱ ይጠቅመው ይሆናል፣ ለሰሜን ሰው ግን ጎረቤቱን ለመጠየቅ ዋና ከተማ ወርዶ መመለስ ሆነበት።

#8 ጡረተኛው

ቆላ ደጋ፣ ቅሬታህ ይገባኛል፣ ግን የሌላውንም ወገን ስማ። አየር መንገዱ በ1938 ሥራ ሲጀምር የያዘው ዲሲ 3 ነበር። በኋላ ኤቲአር መጣ፣ ፎከር 50 መጣ፣ ኪው 400 በ2002 ገባ። አውሮፕላን የሚያረጀው በሰዓት ብቻ አይደለም፣ በመነሳትና በማረፍ ብዛትም ይቆጠራል። የ25 ደቂቃ በረራ ጎማውን፣ ፍሬኑን፣ ሞተሩን የሚያደክመው ከአንድ ሰዓት በረራ አይተናነስም። በዚያ ላይ ከላሊበላ ጎንደር በየቀኑ 70 ሰው የሚገኘው መቼ ነው? በገናና በጥምቀት መሀል። ከዚያ ውጭ ባዶ ወንበር ማመላለስ ነው። ሁሉንም ቦሌ ሰብስቦ ማከፋፈል የመጣው ከዚህ ነው።

#9 ቆላ_ደጋ

ጋሼ እሱ እውነት ነው። ግን መስመር ሳይኖር መንገደኛ ከየት ይመጣል? በረራ ካለ ሰው ይለምደዋል።

#10 ጡረተኛው

እሱንም አልክድም። ስንት ስብሰባ ላይ ሲያከራክር አይቻለሁ መሰለህ።

#11 መሪ_ጨባጭ

እኔ ሹፌር ነኝ፣ የመኪናውን ልንገራችሁ። ከላሊበላ ጎንደር በመንገድ ወደ 360 ኪሎ ሜትር ነው። ከአየሩ እጥፍ ማለት ነው። ከላሊበላ ወደ ደቡብ ወደ ጋሸና ትወጣለህ፣ 60 ምናምን ኪሎ ሜትር ነው። ጋሸና ላይ ቻይናዎች የሠሩትን የወልዲያ ወረታ መንገድ ትይዛለህ። በነፋስ መውጫ፣ በደብረ ታቦር አድርገህ ወረታ ትወርዳለህ። ከዚያ ወደ ቀኝ ጎንደር ነው፣ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ።

ነፋስ መውጫ ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም። ብርድ አለ፣ ጉም አለ። ጠመዝማዛው ብዙ ነው። ሰላም ሆኖ፣ መኪናው ደህና ሆኖ፣ ምሳ በልተህ ሰባት ስምንት ሰዓት ያስኬዳል። አገሩ ግን ልብ ይሰርቃል! የጉና ሥር ገብስ፣ የጋሸና ሜዳ። በአየር የሄደ ሰው ይህን አያየውም።

#12 የሮሃ_ልጅ

መሪ ጨባጭ፣ አገሩን ማድነቅህ ጥሩ ነው። ግን 70 ዓመት ያለፋቸው እናት ናቸው። በዚያ ላይ ያለንበት ጊዜ ይታወቃል። በ2015 ክረምት ግጭት ሲነሳ ወደ ላሊበላም፣ ጎንደርም፣ ባሕር ዳርም በረራ እንኳ ተቋርጦ ነበር። መንገድ ደግሞ ዛሬ ክፍት ሆኖ ነገ ይዘጋል። ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ቀን ቆርጦ በመኪና እሄዳለሁ ማለቱ አይታየኝም። ከመሄዷ ጥቂት ቀን ቀደም ብላ አካባቢው ላይ ያለ ሰው ትጠይቅ፣ የምትኖርበት አገር ኤምባሲ የሚያወጣውንም ታንብብ።

እህት ሜሪላንድ፣ ስለ እኛ ከተማ ደግሞ ልንገርሽ። ኤርፖርቱ ያለው ሹምሸሃ ነው፣ ከተማው ውስጥ አይደለም። ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። መንገዱም ሽቅብ ነው። ማረፊያው 2,000 ሜትር አይሞላም፣ ከተማው ግን 2,500 ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ ከአውሮፕላን ወርዶ ሆቴል ለመድረስ ከግማሽ ሰዓት እስከ 45 ደቂቃ ያዢ። አየር ላይ ከምትቆዪው ይበልጣል ማለት ነው! ሆቴልሽ መኪና ይልክ እንደሆነ ቀድመሽ ጠይቂ።

ከፍታው ለእናትሽ ሊከብዳቸው ይችላል። የመጀመሪያውን ቀን ይረፉ። አብያተ ክርስቲያናቱ ጋ መውጣትና መውረድ አለ፣ ደረጃው ተቦርቡሯል፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል። በገና ዋዜማ ደግሞ ሰዉ ጠጠር መጣያ አይሰጥም። ምርኩዝ ይያዙ። የሚደግፋቸው የአካባቢ ልጅ አይጠፋም።

#13 ዳር_ቁጭ_ብዬ

እኔ ባሕር ዳር ነኝ። ሦስተኛ መንገድ ላሳያችሁ። ከላሊበላ በአዲስ አበባ ዞራ ባሕር ዳር ብትገባስ? ከዚያ በመኪና ጎንደር።

#14 ክንፍ_እና_ቁጥር

ምን ታተርፋለች? አዲስ አበባ ከደረሰች በኋላ ጎንደርም ባሕር ዳርም ያው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ባሕር ዳር ካረፈች ሌላ 180 ኪሎ ሜትር መኪና ይጨመርባታል።

ግን ጥሩ ነገር አነሳህ። ባሕር ዳርና ጎንደር በአየር 102 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሚራራቁት። በመኪና 180 የሆነው ጣናን በምሥራቅ ዞሮ ስለሚሄድ ነው። አየሩ ሐይቁን ሰንጥቆ ያልፋል። አሁን ቀጥታ በረራ አለ እንበል። ሁለት ሰዓት ቀድሞ ኤርፖርት መድረስ፣ ፍተሻ፣ መሳፈር፣ 20 ደቂቃ መብረር፣ ሻንጣ መጠበቅ፣ የጎንደር ኤርፖርት ካለበት ከአዘዞ ወደ ከተማ መግባት። ሦስት ሰዓት ተኩል ሄደ። መኪናው በሦስት ሰዓት ያደርስሃል። 100 ኪሎ ሜትር ላይ ደህና አስፋልት ካለ አውሮፕላን አያዋጣም። የላሊበላው 179 ግን መንገዱ 360 ስለሆነና ተራራ ስለሆነ አውሮፕላኑ ያሸንፋል፣ ቀጥታ ከሆነ። በአዲስ አበባ ከዞረ ደግሞ በሰዓት ከመኪናው ብዙም አይሻልም፣ በድካም ግን ይሻላል።

#15 ዳር_ቁጭ_ብዬ

እሺ ተሸነፍኩ። ባሕር ዳር ግን መምጣቷ አይቀርም፣ ዓሣ አለ 😄

#16 ትኬት_ቆራጭ

ስለ ትኬቱ ማንም አላነሳም። የሜሪላንድ እህታችን ሦስት ነገር ያዢልኝ።

ከአሜሪካ የምትመጪው በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ ለአገር ውስጥ በረራው ቅናሽ አለ። የዓለም አቀፍ ትኬትሽን ቁጥር ይዘሽ ነው የምትጠይቂው። በሌላ አየር መንገድ የመጣ ሰው የሚከፍለው ከፍ ይላል። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም፣ ስለዚህ ትልቁን ትኬት ሳትቆርጪ ሁለቱንም ደምረሽ አወዳድሪ።

ከላሊበላ አዲስ አበባና ከአዲስ አበባ ጎንደር ያሉትን ሁለቱን በረራዎች በአንድ ትኬት አድርጊ። የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥሽ ወደሚቀጥለው በረራ የማዘዋወሩ ጣጣ የአየር መንገዱ ይሆናል። ለየብቻ ከገዛሽ ግን ሁለተኛውን በራስሽ ነው የምታጪው። በተለይ ላሊበላ ላይ ጠዋት ጉም ካለ መዘግየት የተለመደ ነው።

የመጨረሻው ሰዓት ነው። ትኬቱ ላይ 08:00 ካለ ጠዋት 2 ሰዓት ማለት ነው። ላንቺ ግልጽ ነው፣ ለሚሸኟችሁና ለሚቀበሏችሁ ዘመዶች ግን ስትነግሪ በአገሩ ሰዓት ለውጠሽ ንገሪ። ሰው ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ነው ብሎ ቤቱ ሲቀመጥ አይተናል።

#17 መሪ_ጨባጭ

ቦሌ ላይ ለእናትየው ተሽከርካሪ ወንበር ጠይቂ። ትኬት ስትቆርጪ ነው የሚመዘገበው። ዝውውሩ ላይ ብዙ እርምጃ አለ።

#18 ሜሪላንድ_ነኝ

ሁላችሁም ተባረኩ። ወስኛለሁ። መኪናው ይቅርብኝ፣ መሪ ጨባጭ አትቀየመኝ፣ ሰላም ሲሆን በአንተ መኪና ነው የምሄደው። እስከ ኅዳር ድረስ የቀጥታ በረራ ይከፈት እንደሆነ እከታተላለሁ። ካልተከፈተ ገናን አክብረን ሁለት ቀን አርፈን በአዲስ አበባ እንዞራለን። አዲስ አበባም አክስቴ ቤት አድረን በማግስቱ ጠዋት ጎንደር እንገባለን፣ 12 ቀን አለን እኮ፣ ምን ያስሮጠናል?

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ቀጥታው ከተገኘ የቱ ጎን ልቀመጥ?

#19 ክንፍ_እና_ቁጥር

ግራ። ኪው 400 ክንፉ ከላይ ስለሆነ ታች ያለውን አይሸፍንም። ከላሊበላ እንደተነሳሽ የተከዜን ሸለቆ ታያለሽ፣ ቀጥሎ በለሳ። በስተግራ ራቅ ብሎ ጉና ይታያል፣ ወደ ጎንደር ስትጠጊ ደግሞ ጣና። ጥር ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ከክንፉ በታች ያሉትን ረድፎች ግን ተዪያቸው፣ ጎማና ፕሮፔለር ነው የምታዪው። ወደ ኋላ በይ።

#20 ጡረተኛው

ወደ ኋላ ስትሄድ ፕሮፔለሩ እንዳይጮህባት ብለህ ነው፣ ልክ ነው። ግን በኪው 400 መውረጃ ደረጃው ፊት ነው ብላችሁ እናትየውን ወደ ፊት ለማስቀመጥ አትቸኩሉ፣ አንዳንዴ ከኋላ በር ያወርዳሉ። አስተናጋጇን ቀድማችሁ ጠይቁ።

#21 የሳሪስ_ልጅ

25 ደቂቃ ለሚፈጅ በረራ ይሄ ሁሉ ወንበር መረጣ! ሻይ እንኳ ሳይዞር ይደረሳል እኮ።

#22 ሜሪላንድ_ነኝ

ዝም በል አንተ፣ እናቴ ግራ መስኮት ነው ያለችው 😂